የሚገለበጠው ከረንቡላ

ባለፈው ሰሞን ባሕር ዳር ላለች ልጄ በሶ ልልክ ብዬ ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ወርጄ ነበር። ነፋሱን ታውቁታላችሁ፤ ከተማው ስሙን ያለ ነገር አላገኘውም። ባርኔጣዬን በአንድ እጄ፣ በሶውን በሌላው እጄ ይዤ የሚኒባሱን ረዳት ስፈልግ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች አንዲት ሴት ከባጃጅ ወርዳ ትኩር ብላ አየችኝ። «አያ ደሳለኝ! በሞትሁት፣ እርስዎ ነዎት?» አለች። ሰው ሲያረጅ ፊቱ ይለወጣል፣ ድምፁ ግን እዚያው ይቀራል። ፊቷን ሳልለየው ድምፅዋን ለየሁት። የሺ ናት፤ የሙላት ሚስት፣ የሺወርቅ። ባሏን ከቀበርን በኋላ ልጇ ወዳለችበት ወደ ደብረ ታቦር ሄዳ ስለነበር ከዚያ ወዲህ አልተያየንም። ያከራየችውን ቤቷን ጣሪያ ልታይ መጥታ መመለሷ ነው። ተሳሳምን፤ ደግመን ተሳሳምን። ሚኒባሱ ገና ግማሹም አልሞላም ነበርና በሶዬን ለረዳቱ ሰጥቼ፣ ከነፋሱ ሸሸት ብለን ሻይ ቤት ገባን።

የሻይ ቤቱ ግድግዳ ከፑል ቤት ጋር የተጣበቀ ነው። በወዲያኛው በኩል ኳስ ከኳስ ሲጋጭ «ቀጭ» ይላል፤ የጎረምሶች ጩኸት ይከተላል። ከፊታችን የተቀመጠ ተማሪ ደግሞ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ በአውራ ጣቱ የሆነች ኳስ ያንከባልላል። «ምንድን ነው ልጄ?» አልሁት። «ጌም ነው ፋዘር፤ ፑል» አለኝ፣ ቀና ሳይል። የሺ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። «ሙላት ይህን ቢያገኝ ስልኩን ፈታትቶ ነበር የሚያስቀምጠው» አለች። እውነቷን ነው። ውስጡን ሳያይ የሚያድር ሰው አልነበረም። እኔም ሻዬን እንደያዝሁ በዚያችው «ቀጭ» በምትል ድምፅ ተጎትቼ ወደ ኋላ ሄድሁ።

ያን ጊዜ ንፋስ መውጫ አንድ መንገድ ናት፤ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ። ዘመኑን በቁጥር አትጠይቁኝ። ሻይ በስሙኒ የሚጠጣበት፣ ሬዲዮ በማርሽ ሙዚቃ የሚከፈትበት ዘመን ነው ብል ዕድሜ የጠገበው ያውቀዋል። እኔ ልብስ ሰፊ ነበርሁ። የስፌት መኪናዬን በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ዘርግቼ ለገበሬው የአቡጀዲ እጀ ጠባብና ቁምጣ፣ ለመምህራኑ የተርጋል ሱሪ እሰፋለሁ። ሱሪው ከታች ሰፋ ማለት ነበረበት፤ ጎረምሳው ሁሉ ሲራመድ ሱሪው መንገዱን እንዲጠርግለት ይፈልጋል። ከሱሪው ሥር የሚታየው ጫማ ግን ኮንጎ ነው። ፊት ለፊቴ እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት ሻይ ቤት ነበራቸው፤ ቴፓቸውን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው ቀኑን ሙሉ ያስዘፍናሉ። የባትሪው ድንጋይ ሲደክም ዘፋኙ እንቅልፍ የመጣበት ይመስል ቃሉን ይጎትታል፤ ያኔ እትዬ ብርቄ ድንጋዮቹን አውጥተው ፀሐይ ላይ ይደረድሯቸዋል፣ እኛም ዘፈኑ እስኪሞቅ እንጠብቃለን። የዚያ ጊዜ ዘፈን ዛሬ በሬዲዮ ሲመጣ ለእኔ እየሮጠ የሚዘፍን ይመስለኛል። የለመድሁት ድንጋዩ የደከመውን ነዋ።

ከሻይ ቤቱ ጎን አንድ የጎንደር ሰው ከረንቡላ ቤት ከፈተ። ጠረጴዛው በጭነት መኪና ተጭኖ የመጣ ዕለት፣ ሙሽራ የሚወርድ ይመስል ከተማው ሁሉ ወጥቶ አየው። ከረንቡላ ቀዳዳ የለውም፤ በአንዷ ኳስ ሁለቱን ማስነካት ነው ጨዋታው። ፑል ደግሞ ኳሷን ከጉድጓድ መክተት ነው። የእኛው ጠረጴዛ ከረንቡላ ብቻ ስለሆነ ትልቅ ከተማ የደረሱት ልጆች «ጨዋታማ ፑል ነው» ይላሉ፤ ሽማግሌዎቹ «ጉድጓድ ለአይጥ ነው» ብለው ይመልሳሉ፤ ክርክሩ በየቀኑ አዲስ ነው። በዚያ ቤት ሙላትን የሚረታው አልነበረም። የስማዳ ሰው ነው፤ የወገዳ ልጅ። ረጅም፣ ቀጠን ያለ፣ እርሳሱ ከጆሮው የማይለይ አናጢ። በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን ሲጨፍን፣ ሳንቃ ቀጥ ማለቱን የሚያይ እንጂ ኳስ የሚመታ አይመስልም። ሲያሸንፍ አይጮህም፤ ዘንጉን ለተሸናፊው ያቀብልና «በል ድገመኝ» ይላል።

የሺን ያገባት እንዲህ ነው። አባቷ መሪጌታ ኅሩይ እዚሁ አገራችን ባለው ቤተ ልሔም ደብር የሚያስተምሩ የተከበሩ ሊቅ ናቸው፤ የሚያውቃቸው ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። ሙላት ለቤታቸው መስኮት ሊሠራ ሄደ። አንድ መስኮት ነው። ይገጥማል፣ ጠበበ ይላል፣ ይነቅላል፣ ደግሞ ይገጥማል። አንድ በጋ ሙሉ መስኮቱ አላልቅ አለ፤ በመጨረሻ ሽማግሌ ሲላክ ነው ምክንያቱ የታወቀው። ሠርጋቸው ላይ የሱን ሱሪ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከታች ሰፋ አድርጌ።

ከዚያ ወደቀ። ስማዳ ውስጥ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቆርቆሮ ሲያለብስ፣ ማገሩ ከዳው። በቃሬዛ፣ ሰው ትከሻ እየተቀያየረ እስከ መኪና መንገድ አወጡት፤ ከዚያ ሆስፒታል ገብቶ ወራት ቆየ። ሲመለስ ነፍሱ ተርፋለች፤ ዳሌው ግን እንደነበረው አልገጠመም፤ አንዱ እግሩ አጥሯል። ሁለት ምርኩዝ ሰጥተውት ነበር፤ አልጋው ሥር ጣላቸው። እንግዲህ ጣሪያ መውጣት የለ፤ ቆሞ መላግ የለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ ለግድግዳው ነው «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው። እንዲያ ያለ ሰው አታድርስ ነው። መጠየቅ ትሄዳለህ፤ የምትናገረው ይጠፋሃል፤ ተነስተህ ስትወጣ እፎይ ትላለህ፤ በማለትህ ደግሞ ታፍራለህ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ ባለሁበት የሺን ጠራት። እሷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«የሺ፣ ልጅ አልወለድን፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ገና ልጅ ነሽ። አባትሽ ዘንድ ሂጂ።»

የሺ ምስሩን መልቀሟን አልተወችም።

«እየሰማሽኝ ነው?»

«ሰምቻለሁ» አለች፤ አንዲት ጠጠር አውጥታ ወደ ደጅ ወረወረች። ሙላት ከግድግዳው ሳይዞር፣ «ደሳለኝ፣ አንተ ላክልኝ። መሪጌታ መጥተው ልጃቸውን ይውሰዱ በልልኝ» አለ። እሺ ብዬ ሳልልክ ቀረሁ። ሲያውቅብኝ በሌላ ሰው ላከ።

ታዲያ ሳስበው ሳስበው፣ አንድ ቀን ከረንቡላ ቤቱን አነሳሁበት። «እነ እገሌ ይጠይቁሃል። ተሸክመን እንውሰድህ፤ ወንበር ላይ ሁነህ ትጫወታለህ» አልሁት።

«ወንበር ላይ ስቀመጥ ጠረጴዛው አገጬ ጋ ነው» አለ ለግድግዳው። «ኳሱን አላየው። የሰው ቀበቶ ሳይ ልዋል?»

«እንግዲያ የጠረጴዛውን እግር እናሳጥረዋ!» አልሁ፤ እንዲያው ለአፌ ነው፤ የሰው ንብረት መሆኑንም አላሰብሁ።

እንቅልፍ ወሰደው ብዬ ልነሳ ስል፣ «እግር ለምን ያስፈልገዋል?» አለ። «እግር የሌለው። ጭን ላይ ተኝቶ የሚውል። ወይም ምግብ መብሊያው ላይ የሚጋደም።» እጁን ከጋቢው አውጥቶ በአየር ላይ ዘረጋው፤ ከዚህ እስከዚህ እያለ ለካው። የበር ግማሽ ያህል ነው። ከዚያ በወራት ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ ፊቴን አየኝና፣ «የሺ፣ እርሳሴ የት ናት?» ብሎ ተጣራ። እርሳሷን በሩጫ አምጥታ፣ በነጠላዋ ጠርጋ ሰጠችው። እሱ ግን አላየም፤ ያን ሲያፈጥበት የከረመውን የግድግዳ ልስን ሰሌዳ አድርጎ መሣል ጀምሯል።

ያችን ገበታ ሠርተን እስክንጨርስ ያየነው አበሳ! ወለሉ ከዋንዛ ሳንቃ ነው፤ ዋንዛ ለመላጊያ የሚታዘዝ ለስላሳ እንጨት ነው። ተቀምጦ መላግ አይቻልም ይል የነበረው ሰው፣ ሳንቃውን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ፣ ጀርባውን በአልጋው አስደግፎ ይልግ ጀመር። መላጊያውን ሲስበው ዳሌውን ያመዋል፤ ጥርሱን ይነክሳል፤ ይስበዋል። ቤቱ የእንጨት ሽታ ሸተተ። ለወለሉ ልብስ አረንጓዴ የሱፍ ጨርቅ አስፈለገ፤ በከተማው አረንጓዴ ሱፍ ያለው አንድ ሰው ነው፣ እሱም እኔ ነኝ። ጎንደር ሄጄ የገዛሁት፣ ለበዓል ብቻ የምለብሰው ካፖርት ነበረኝ። ጀርባውን ተርትሬ አወጣሁት። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ አየችኝ፤ ምንም ክፉ አልተናገረችም፤ «ብርድ ሲመታህ የሙላትን ገበታ ትከናነባለህ» ብቻ አለችኝ። ለኳሶቹ መጀመሪያ የልጆች ብይ ሞከርን፤ ቀላል ስለሆነ ይዘላል። ኋላ መንገድ ዳር ከቀረ አንድ የጭነት መኪና ኩሽኔታ ብረት ኳሶች አወጣን። ከበድ ያሉ፣ የሚያምሩ ናቸው፤ ነገር ግን ሁሉም አንድ ዓይነት። ሙላት በቆርቆሮ ክዳን አድርጎ ፍም ላይ አስቀመጣቸው። ብረቱ ሲግል መጀመሪያ የገለባ ቀለም ይይዛል፣ ቆይቶ ሰማያዊ ይሆናል። የሺ በጉጠት ይዛ ቀለሙ ሳያመልጥ ቶሎ ታወጣለች፤ ግማሾቹን ቢጫ፣ ግማሾቹን ሰማያዊ አድርጋ አስቀረቻቸው፤ አንዷን ነጭ ተውናት። የገበታው ጠርዝ ኳሱን መልሶ እንዲወረውር ከመኪና ጎማ ውስጥ የሚወጣውን ላስቲክ ቆርጠን ለጠፍንበት።

ችግሩ ጉድጓዱ ላይ ነበር። ሙላት ፑልም ከረንቡላም በአንድ ገበታ እንዲሆን ፈለገ። «ሽማግሌውም ልጁም እዚህ ቤት እንዲመጣ ነው የምፈልግ። ጉድጓድ ካለው ሽማግሌው አይመጣም፣ ከሌለው ልጁ አይመጣም» አለ። ይህን ሲል ሰምቼ ወደ ውጭ ወጣሁና ዓይኔን ጠረግሁ። ሰው እንዲመጣለት ፈለገ ማለት ነዋ! ጉድጓዶቹን በየማዕዘኑና በረጃጅሞቹ ጎኖች መካከል በሳን፤ ከሥራቸው ኪስ የሰፋሁ እኔ ነኝ፤ ኪስ መስፋት እንጀራዬ ነው። ከረንቡላ ሲፈለግ ደግሞ ለየአንዳንዱ ጉድጓድ ውታፍ አዘጋጀን፤ እሱም ላስቲክ የለበሰ። ውታፉን ወትፈን ሞከርነው። ኳሷ በጠርዙ ላይ ደህና ትመጣና ውታፉን ስትነካ ትሞታለች። ጭቃ የነካች ይመስል ቀጥ። ሙላት ውታፉን አወፈረው፣ አሳሳው፣ ላስቲኩን ደረበው። ትሞታለች። በተጋጠመ ነገር ላይ ሁልጊዜ መጋጠሚያው ያስታውቃል። አንድ ቀን ውታፉን አንስቶ ከግድግዳው አላተመውና ተመልሶ ተኛ። ፊቱ ወደ ግድግዳው። የራሱ ሥዕል እፊቱ አለ፤ እሱን እያየ ይሆን፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አላውቅም። የሺንም እንደገና «ሂጂ» እንዳላት ሰማሁ። ያ ሰሞን ለእኔም ከባድ ነበር። መኪናዬን ስረግጥ ይከፋኛል። ከነጭራሹ ባልጀመርነው ይሻል ነበር እላለሁ።

ታዲያ አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ኮት ይዘው በረንዳዬ መጡ። የዛሬ ልጆች አያውቁትም እንጂ ያን ጊዜ ኮት ይገለበጥ ነበር። ላዩ ሲነጣና ሲያልቅ ልብስ ሰፊው ይተረትረዋል፤ ውስጡን ወደ ላይ አድርጎ መልሶ ይሰፋዋል፤ ባለቤቱ አዲስ ኮት ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል። እጅጌውን ስተረትር፣ ስገለብጥ፣ መቀሴን እንደያዝሁ ቆምሁ። ሽማግሌው «ምነው፣ ብል በልቶታል?» አሉኝ። «አይ አባቴ፣ መጣሁ!» ብዬ ኮታቸውን በእጄ እንደያዝሁ ወደ ሙላት ቤት ሮጥሁ። ሽማግሌው «ኮቴን! ኮቴን!» እያሉ ተከተሉኝ።

ሙላት ብቻውን ነበር። የሺ የለችም። «ተነሥ፣ ይህን እይ» አልሁትና እጅጌውን ፊቱ ላይ ገለበጥሁት። «ጠርዙን ከወለሉ ለምን አንለየውም? አራቱን ጠርዝ አጋጥመን እንደ መስኮት ክፈፍ ብቻውን የሚነሳ እናድርገው። በአንደኛው ፊቱ ጉድጓዱ ጋ አፍ ይኑረው። ገልብጠን በሌላው ፊቱ ስናስቀምጠው ደግሞ አፍ የለውም፤ ወደ ውስጥ ወጣ ብሎ ጉድጓዱን ይሸፍነዋል። ውታፍ የለ፣ መጋጠሚያ የለ።» ኮቱን ከእጄ ወሰደ። እጅጌውን ገለበጠው፣ መለሰው፣ ገለበጠው። ሽማግሌው ከበሩ ላይ እያለከለኩ ያዩናል። ሙላት ቀና አለና፣ «አባቴ፣ ኮትዎ ቤቴን አዳነ» አላቸው። እሳቸውም «ይመስገን፤ ግን ይመለስልኝ» አሉ። ወዲያው «የሺ! የሺ! መጋዝ!» ብሎ ተጣራ። መልስ የለም። «ውኃ ወርዳ ይሆናል» አልሁትና መጋዙን እኔ አቀበልሁት።

ፀሐይ ዘወር ሲል አባትና ልጅ አብረው ገቡ። መሪጌታ ኅሩይ ነጭ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ በቅሏቸውን ደጅ አስረው። አባቷ መምጣታቸውን ሰምታ ልትቀበላቸው ወጥታ ነበር ማለት ነው ብዬ አሰብሁ። ሁላችንም ተነሣን፤ ሙላት ለመነሣት ሲሞክር በእጃቸው መለሱት። ጉልበታቸውን ስመን ሲያበቃ ተቀመጡና፣

«ላክህብኝ፤ መጣሁ» አሉ።

ሙላት እንጨቱን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ፣ «ይፍቱኝ የኔታ። ልኬ ነበር» አለ።

«ልጄን ውሰዱ ብለሃል።»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያ ዛሬ እንሂድ ወይስ እንደር?»

ሙላት እንጨቱን አየ። የሺን አየ። እሷ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። «ዛሬማ አይሆንም» አለ። «ኮላው እስኪይዝ ድረስ የክፈፉን ጫፍ ገትሮ የሚይዝ ሰው ያስፈልገኛል። ደሳለኝ እንደሁ እጁ ይንቀጠቀጣል።» እኔ ያን ጊዜ በቀጭን መርፌ ክር የማስገባ ጎረምሳ ነኝ፤ እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። እጄን ግን ኪሴ ከተትሁ።

«መቼ ይደርቃል?»

«ነገ።»

በነጋው ኮላው ደረቀ፤ ላስቲኩ ግን ቀረ። በሦስተኛው ቀን ላስቲኩ አለቀ፤ ጨርቁን ወጥሮ የሚይዝ ሰው ታጣ። የኔታ በከተማው ቤተ ክርስቲያን አንድ ወዳጃቸው ዘንድ እያደሩ፣ ጠዋት ጸሎታቸውን አድርሰው ይመጣሉ፤ በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ «ዛሬስ?» ይላሉ። ሙላት ያልተሠራ ነገር አያጣም። አንድ ቀን ገበታውን በመቋሚያቸው ጫፍ አመለከቱና፣ «ይህ ነገር ቁማር አለበት?» ብለው ጠየቁ። «የለበትም የኔታ። የተሸነፈ ሻይ ይጋብዛል» አለ ሙላት። ትንሽ አሰቡና፣ «ሻዩም ይቅር» አሉ። ሻዩም ቀረ።

ከረንቡላውን መጀመሪያ የሞከርነው እሳቸው ባሉበት ነው። ክፈፉን አንስተን ገለበጥነው፤ አፎቹ ጠፉ፤ አረንጓዴው ካፖርቴ አራት ማዕዘን ሜዳ ሆኖ ተዘረጋ። ሙላት ገበታውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነጯን መታት። ቢጫዋን ነካች፣ ወደ ማዕዘኑ ሄደች፤ ትሞትበት ከነበረው ቦታ ደረሰች። ቀጭ ብላ ተመለሰች። ሰማያዊዋን ነካቻት። የሺ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች፤ ቆይታ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ከዚያ እኔ ልመታ ስዘጋጅ የኔታ በርጩማቸውን ሳያስቡት አስጠጉና፣ «በቀኝ በኩል ብትመታት ይቺኛይቱን አታገኛትም?» አሉ። ሁላችን ዞረን ስናያቸው፣ ጥምጥማቸውን አስተካከሉና፣ «እንዲያው መጠየቄ ነው» አሉ። በቀኝ መታሁ። አገኘኋት።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። በቅሏቸው ተጭና ደጅ ቆማ ሳለ ገብተው ገበታውን አዩት። ያበራል። ምንም የሚቀረው ነገር የለም።

«ሙላት፣ ይህ ነገር አለቀ?»

ሙላት ጣቱን በጠርዙ ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደ። «ገና ነው የኔታ» አለ። «ጠርዙ የብርጭቆ ወረቀት ይቀረዋል።»

«ገባኝ» አሉ የኔታ። «ቤቴ መስኮት ልትሠራ የመጣህ ጊዜም አላልቅ ብሎህ ነበር።» ሙላት አንገቱን ደፋ። እሳቸው በበቅሏቸው ላይ ከተቀመጡ በኋላ፣ «እንግዲህ ሲያልቅ ላክብኝ» ብለው ሄዱ።

እንግዲህ ማንም ሳይልክባቸው ቀረ። ያ ቤት ከዚያ ወዲያ ሰው የማይጠፋበት ቤት ሆነ። ሽማግሌው ይመጣል፣ ልጁ ይመጣል፤ አንዱ ሲጨርስ ክፈፉ ይገለበጣል። ከእስቴ የመጣ ነጋዴ አይቶ አንድ ይሠራልኝ አለ፤ ከወገዳ ሁለት ተባለ። እኔም የተረፈውን ካፖርቴን ጨርሼ ወደ ሌላ አረንጓዴ ጨርቅ ፍለጋ ገባሁ። አንድ ክረምት የወገዳው ገበታ እርጥበት ገብቶት ኳሶቹ ወደ አንድ ወገን ይሸሻሉ ተብሎ ተላከበት። ሰው ልኮ ያስመጣዋል ብዬ ስጠብቅ፣ አልጋው ሥር ጎንበስ ብሎ ምርኩዞቹን አወጣ። አቧራቸውን በጋቢው ጠረገ። ብብቱ ሥር አድርጎ ሞከራቸውና፣ «ረጅም ናቸው፤ የማንን ቁመት ለክተው ነው የሠሩት?» ብሎ ተበሳጨ፤ በመጋዝ አሳጥሮ ጫፋቸውን በላስቲክ አለበሰ። በማግሥቱ የሺ መሣሪያውን ተሸክማ፣ እሱ በምርኩዝ፣ የወገዳውን የጭነት መኪና ሲሳፈሩ በረንዳዬ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ሾፌሩ አንሥቶ ሊያስገባው ሲል፣ «ቆይ፣ እኔ ራሴ» ሲል ድምፁ መንገዱን ተሻግሮ ተሰማኝ። ብዙ ጊዜ ፈጀበት። መኪናው ሙሉ ሰው ነበር፣ አንድም የቸኮለ አልነበረም።

ልጃቸውን የወለዱ ከዚያ ወዲህ ነው። ሙላትም ሸምግሎ፣ የልጁን ልጅ ታቅፎ፣ በአልጋው ላይ ነው የሞተ። ቀብሩ ላይ ከስማዳም ከእስቴም ሰው መጥቶ ነበር።

ይህን ሁሉ ለየሺ አልነገርኋትም፤ ከእኔ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት። ሻያችን በርዷል። ስልኩ ላይ ያለው ልጅ ተሸንፎ መሰለኝ ከንፈሩን መጠጠ። ረዳቱ «ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር! ሁለት ሰው!» እያለ ይጣራል። ድሮ ልጠይቃት እየፈለግሁ አፌ ላይ የቀረውን ነገር፣ አሁን ካልጠየቅሁ መቼ ብዬ፣

«የሺ» አልኋት። «ያኔ ሂጂ ሂጂ ሲልሽ፣ አንድም ቀን ልብሽ አልተነሣም?»

ነጠላዋን አስተካከለች። «ሄጄ ነበር እንጂ» አለች።

«የት?»

«አባቴ ዘንድ ነዋ። ያ ውታፉን የወረወረ ጊዜ፣ እንደገና ሂጂ አለኝ። አንድ ጠዋት ተነሣሁ፣ ቤቱን ጠረግሁ፣ ቁርሱን አጠገቡ አስቀመጥሁለት፤ እንቅልፍ ላይ ነበር። ወጣሁ። ቁልቁለቱን እንደ ጨረስሁ አባቴ በበቅሎ ሲመጡ አገኘኋቸው። ‹ወዴት ነሽ?› አሉኝ። ‹ወደርስዎ› አልኋቸው። ‹እኔም ወዳንቺ ነበር› አሉኝ። መንገድ ዳር ተቀመጥን። አለቀስሁ። ዝም ብለው አስለቀሱኝ። ሲወጣልኝ ጊዜ፣ ‹ታዲያ ወዴት ይሻልሻል?› ቢሉኝ...»

ፀሐዩ በሻይ ቤቱ በር ገብቶ እግራችን ሥር ደርሶ ነበር።

«‹አባ፣ ሳንቃውን ፀሐይ ላይ ትቼው መጥቻለሁ› አልኋቸው። ከዋዜማው ጣሪያው አፍስሶበት ነበርና ይድረቅ ብዬ ደጅ አስደግፌው ነበር፤ ሳልመልሰው ወጣሁ። ዋንዛ ፀሐይ ከበዛበት ይጣመማል፤ ሙላት ሁልጊዜ ይለኝ ነበር። ‹ይጣመምበታል› አልኋቸው። ተነሡና ነጠላቸውን አራገፉ፤ ‹እንግዲያማ ፈጠን በይ› ብለው የበቅሏቸውን አፍ ወደ ቤቴ አቀኑልኝ።»

ረዳቱ በሩ ላይ መጥቶ፣ «እናት፣ ሞልቷል፣ እንሂድ» አላት። ተነሣች፤ ተሳሳምን። ነፋሱ ነጠላዋን እየገፈፈባት ወደ ሚኒባሱ ስትሄድ ከኋላዋ ተጣራሁ።

«ለሙላት ነግረሽው ታውቂያለሽ?»

በሩን ይዛ ዞረች። የልጅነት ሳቋን ሳቀች።

«ምን ብዬ?» አለች። «ሳንቃው እንደሁ አልተጣመመ!»